ፋሲካ ዞሮ የሚገጥምበት ቁጥር፦ 532

በ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ። ጾመ ነነዌ የካቲት 18፣ ዐቢይ ጾም መጋቢት 2 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሆነ። ዐፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን፣ በ1484 ዓ.ም.፣ መስከረም 1 ማክሰኞ ነበር፤ ፋሲካም የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። ሁለቱም ዓመታት ዘመነ ዮሐንስ ናቸው። በመካከላቸው ልክ 532 ዓመት አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ዙር ዐውደ ቀመር ይሉታል።

ቁጥሩ የሚገኘው 28 በ19 ሲባዛ ነው። ሳምንት ሰባት ዕለት አለው፤ ጳጉሜን ደግሞ በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ ዕለታትና ቀናት እንደ ቀድሞው የሚገጥሙት በ28 ዓመት፣ በዐውደ ፀሐይ፣ ነው። ጨረቃ በበኩሏ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ ተወልዳ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች፤ ይህም ዐውደ አበቅቴ ነው። 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። በዚህም ምክንያት ሁለቱ ዙሮች ከ532 ዓመት ቀድመው አብረው ከመነሻቸው አይደርሱም። ዘመኑ በቀን ሲሰላ 194,313 ቀናት ይሆናል፦ ያለ ትራፊ 27,759 ሳምንታት።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሐሳቡ ባለቤት 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው። 23 ሱባዔ እና 7 ሱባዔ ገብቶ ምስጢሩ ተገለጠለት ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፣ ይህም ጥንተ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፣ ይህም ጥንተ መጥቅዕ ነው።

ተማሪው ዛሬም የሚያሰላው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው። ለ2016 ዓ.ም. 5500 ዘመነ ብሉይ ሲደመር 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ይወጣል። የሁለቱ ድምር 30 ነው።

532 በሌሎች ክርስቲያኖችም እጅ ሠርቷል። የአኲታይኑ ቪክቶርዮስ እ.ኤ.አ. በ457 የ532 ዓመት የፋሲካ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ጆርጂያውያን ዓመታትን በዚሁ ዙር ቆጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ780 የጀመረው ዙራቸው ሲያልቅ በ1312 እንደገና ከአንድ ተነሡ። ዮሴፍ ስካሊገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1583 ቁጥሩን በ15 አባዝቶ 7,980 ዓመት ያለውን የዩልዮስ ዘመን አወጣ፤ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ቀናትን ተከታትለው የሚቆጥሩት ከዚያ መነሻ ነው።

በኢትዮጵያም አንዳንድ የብራና ጸሐፍት ዓመተ ምሕረትን በዙሩ ውስጥ ብቻ ይቆጥሩ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲያጋጥመው የታሪክ ተመራማሪ ዓመቱ በየትኛው ዙር ውስጥ እንደሆነ ከንጉሡ ስም ወይም ከሌላ ፍንጭ መለየት ይኖርበታል።

ከዓመተ ዓለም ሲቆጠር አሥራ አራተኛው ዙር በ1948 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ1949 የተጀመረው አሥራ አምስተኛው እስከ 2480 ዓ.ም. ይዘልቃል፤ የ2016 ፋሲካ የዚህ ዙር 68ኛው ነበር።