40 በመቶውን ማን ቆጠረው?

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። በተለይ ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል፤ ጉዳዩ እናንተንም ይነካል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ዛሬ የደን ባለሙያ ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሠራችውን ጥናት አሳጥራ ለአንድ የደን ሳይንስ ጆርናል ልካ ነበር፤ ከወራት በኋላ መልስ መጣላት። አልተጣለም፣ ግን ብዙ ነገር አስተካክለሽ መልሺ ተብላለች። ስማቸው የማይገለጽ ሁለት ገምጋሚዎች አስተያየት ጽፈዋል። የአንደኛው ገምጋሚ የመጀመሪያ አስተያየት ያረፈው የጽሑፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ "በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር" ይላል። ገምጋሚው ደግሞ "ይህን ማን ለካው? በምን ለካው? ዋናው ምንጭ ይጠቀስ" ብሏል።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ ይሄን መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዎ ነው" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ የማስተማሪያ ደብተሬን አገላበጥኩ። አለ! በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ይባስ ብሎ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ምርጫ ጥያቄ ነው፤ መልሱ "ሐ"።

ቅዳሜ እዚሁ መካኒሳ አንዲት ሻይ ቤት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። እኔ የደን ሳይንስ አላውቅም፤ ዲፕሎማዬ የታሪክ ነው። የተጠራሁት ለዚያች አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ግን ሥራውን ሳየው ገረመኝ። የጆርናሉ መመሪያ ብቻውን ብዙ ገጽ ነው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ይኖረዋል፣ ገምጋሚው "መስመር 31" ብሎ እንዲጠራው። የዛፉ ያገር ስም አይበቃም፣ የላቲን ስሙ ተጋድሞ ይጻፋል። ሲመለስ ደግሞ ለእያንዳንዱ አስተያየት አንድ በአንድ፣ ምን እንዳስተካከልሽና ያላስተካከልሽውን ለምን እንደተውሽ መልስ ጽፈሽ ታያይዣለሽ። ተማሪዎቼ ድርሰት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስጠቀም የምትማረሩብኝ ይቺን ባያችሁ!

ምንጩን ፍለጋ ጀመርን። እሷ የጠቀሰችው አንድ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱን ከፈትነው፣ ሌላ ጽሑፍ ይጠቅሳል። ያኛው ደግሞ ሌላ። አራተኛው ላይ ስንደርስ "እንደሚታመነው" ብቻ ይላል። ማን እንደሚያምን አይናገርም።

እኔም በታሪክ አስተማሪ ዓይን ማሰብ ጀመርኩ። በ1900 አውሮፕላን ገና አልተፈጠረም፤ የራይት ወንድማማቾች የበረሩት በ1903 ነው። ታዲያ ከላይ ሆኖ ደኑን ማን አየው? ደግሞስ የምን 40 በመቶ? ከእንግሊዝ ጋር የሱዳን ድንበር ውል የተፈረመው በ1902፣ የኬንያው በ1907፣ የጣሊያን ሶማሌው በ1908 ነው። በ1900 የአገሪቱ ስፋት ራሱ በወረቀት ላይ አልተቋጨም ነበር። አካፋዩ ያልታወቀ መቶኛ እንዴት ይሰላል?

ለካ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሃልቮር ቮየን የሚባል ተመራማሪ በ1995 ጂኦጆርናል ላይ ስለ ደን ጭፍጨፋና ስለ ጥቅስ መቀባበል ጽፎበታል። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ደግሞ በ1997 "ማረሻውና ደኑ" በሚል ርዕስ ይህንኑ የደን መራቆት ትረካ መረመረው። ሁለቱም የወጡት እኔ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ ነው። እኔ ግን ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ አልፈለግኋቸውም።

እንዲህ ያለ ቁጥር እንዴት እንደሚወለድ መገመት አይከብድም። ካርታ ላይ ከፍታውንና ዝናቡን አይተህ "እዚህ ደን ሊበቅል ይችላል" ትላለህ። ቀጣዩ ጸሐፊ "ደን ነበረ" ይለዋል። ሦስተኛው "በ1900" የሚል ዓመት ይለጥፍበታል። በቃ፣ ታሪክ ሆነ።

ታዲያ እውነተኛው ታሪክ የት ነው ያለው? እኔን በጣም ያስደሰተኝ ወሎ ውስጥ መገኘቱ ነው። ዳርቢሻየር፣ ላም እና የኛው ሰው መሐመድ ዑመር በሐይቅና በሐርዲቦ ሐይቆች ስር የተከማቸውን ደለል አውጥተው፣ በውስጡ የተቀበረውን የአበባ ዱቄት መርምረው በ2003 አሳተሙ። የአበባ ዱቄት ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ የየትኛው ዛፍ እንደሆነም ይለያል። ውጤቱ የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ የዝግባውና የጥዱ ደን ተመንጥሮ ቦታው ክትክታና ሳር ሆነ። እንደዚያ ሆኖ 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ግን የሐበሻ ጥድ ከወይራ ጋር ሆኖ ተመልሶ መጣ! ከዚያ ባለፉት 300 ዓመታት እንደገና ተመነጠረ።

እስቲ አስቡት። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዛሙርት ሲያስተምሩ፣ በሐይቁ ዙሪያ የነበረው አገር በአብዛኛው ቁጥቋጦ ነበር ማለት ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስዕሉን ስስል ሁሌም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር የምስለው። "ድሮ ሁሉ ደን ነበር፣ እኛ ጨረስነው" የሚለው ቀጥ ያለ መስመር እዚያ ጭቃ ውስጥ የለም። መውረድም መውጣትም አለ።

ወደ ሰሜን ሲኬድም ሌላ ማስረጃ አለ። በ1868 እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ፎቶ አንሺ ይዘው ነበር። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ ቦታዎቹን ፈልገው፣ እዚያው ቆመው ድጋሚ አነሷቸው። ውጤቱን በ2009 አሳተሙ፦ መሬቱ በ1868ም የተራቆተ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው ዛፍ ይበልጣል። እርግጥ ከአሁኑ ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ ነው።

ይሄን ይዞ "ደን አልጠፋም" የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ! ጠፍቷል። የ1994ቱ የኢትዮጵያ ደን ፕሮግራም ሰነድ ረጃጅም ዛፍ ያለበት ደን በ1950ዎቹ መጀመሪያ 16 በመቶ፣ በ1989 ደግሞ 2.7 በመቶ ነው ይላል። ግን እዚህም ላይ ቃሉን ማየት ያስፈልጋል። በ2015 አገራችን "ደን" የሚለውን እንደገና ተረጎመችው፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን። በዚህ ትርጉም በ2016 ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ኮንቬንሽን የቀረበው 15.5 በመቶ ነው። ከ2.7 ወደ 15.5 ያደረሰው የችግኝ ተከላ ብቻ አይደለም፤ የሚቆጠረው ነገር ራሱ ተቀይሯል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚከራከር ሰው ካያችሁ ትርጉሙን ጠይቁት።

መቁጠር ምን እንደሚመስል ያየሁትም በዚህ አጋጣሚ ነው። ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው በ2010 አሳትመዋል። 810 ቦታ ከልለዋል፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሜትር። ድምሩ 8.1 ሄክታር ብቻ ነው የሚመጣው። እዚያ ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት አገኙ፤ 160ው አገር በቀል። ለ8.1 ሄክታር ይሄ ሁሉ ድካም፣ ለመላው ኢትዮጵያ ግን አንድ "እንደሚታመነው"!

ሻይ ቤቱ ውስጥ ልጅቷ አንድ ጥያቄ አነሳች። "ቲቸር፣ መካኒሳ እኮ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። ታዲያ ሰፈሩ የብሳና ደን አልነበረም?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ሾላ፣ ወይራ ሰፈር፣ መካኒሳ፤ አዲስ አበባ የዛፍ ስም ሞልቷታል። ግን ሰው ቦታን በዛፍ የሚጠራው መቼ ነው? ጫካ መሀል ሆኖ "ብሳናው ጋ እንገናኝ" አይባልም። ምናልባት ብሳናው ጎልቶ የታየው ብቻውን ስለቆመ ይሆናል። ስሙ ዛፍ እንደነበረ ይመሰክራል፤ ስንት እንደነበረ አይነግረንም። እሷ አልተስማማችም፤ ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

ማታ ላይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝነው። አዲሱ "የሰሜን ኢትዮጵያ ደን ባለፉት 3,000 ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ ተመንጥሮ እንደገና አድጓል" የሚል ሆኖ፣ የሐይቁ ጥናት ተጠቀሰበት። ለገምጋሚው የተጻፈው መልስም አጭር ነው፦ ዋናውን ምንጭ ፈልገን አላገኘንም፣ ስለዚህ ቁጥሩን አውጥተነዋል፣ እናመሰግናለን። የቀሩትን አስተያየቶች እሷ ራሷ በአሥር ቀን ጨርሳ ጽሑፉን ባለፈው ማክሰኞ መልሳ አስገብታለች። መልስ እየጠበቀች ነው።

ደብተሬ ላይ ያለውን መስመር ሰርዤዋለሁ። ያን ፈተና የወሰዳችሁ ልጆች፣ ከ"ሐ" ሌላ ለመለሳችሁ አንድ ነጥብ ይገባችሁ ነበር። ከመካከላችሁ አንዱ ምንም ሳይመርጥ ከጎኑ "ማን ቆጠረው?" ብሎ ጽፎ፣ እኔም በቀይ "ቀልድ አቁም" ብዬበት ነበር። እዚህ ካለህ እባክህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።