ከምላጩ በፊት
(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

በዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን አንድ የሕክምና ቅደም ተከተል እንዴት እንደተገለበጠ እንተርክላችኋለን። በሽታው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል፣ ሐኪሞች ሬክተም የሚሉት፣ ካንሰር ነው። ለረጅም ዘመን ሕክምናው በምላጭ ይጀመር ነበር። ዛሬ ግን ዕጢው ጠለቅ ብሎ ለገባባቸው ብዙ ታካሚዎች ምላጩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይመጣም። ዓመታቱን የምንጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን።

ይህ የአንጀት ክፍል ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ችግሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። በዳሌ አጥንት መካከል ተጣቦ የተቀመጠ ነው፤ ከፊቱ የሽንት ፊኛ፣ በወንዶች ፕሮስቴት፣ በሴቶች ማሕፀን አለ። ከኋላው የጀርባ አጥንት ጫፍ ነው። ሽንትንና የወሲብ ስሜትን የሚቆጣጠሩት ነርቮች በግራና በቀኝ ታከው ያልፋሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ሰፋ አድርጌ ልቁረጥ ቢል ነርቭ ይነካል፤ ልቆጥብ ቢል ካንሰሩን ትቶ ይወጣል።

የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ ይህ ችግር ፊት ለፊት የገጠመው ሰው ነበር። በመቀመጫ በኩል ብቻ ገብቶ ካከማቸው 57 ሰዎች በ54ቱ ላይ በሽታው አገረሸ። ማይልስ ይህን ውጤቱን ሳይደብቅ በ1908 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ከዚያም በሆድም በመቀመጫም በኩል ገብቶ አንጀቱን ከነፊንጢጣው ነቅሎ የሚያወጣ አዲስ ዘዴ አስተዋወቀ። ከቀዶ ጥገናው የተረፉት ዕድሜ አገኙ። ሰገራቸው ግን ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የሚወጣው ሆዳቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጨረርም ኬሞቴራፒም መጡ። ተራቸው ግን ከምላጩ በኋላ ነበር፤ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ የተረፈ ካለ ደግሞ በጨረርና በመድኃኒት ይለቀማል። በ1990 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤም ይህንኑ መከረ። ከአትላንቲክ ማዶ ግን ስዊድኖች ሌላ ነገር ጀምረው ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ከ1987 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የስዊድን ሐኪሞች ከ1,100 በላይ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ። ግማሾቹ ደግሞ በመጀመሪያ ለ5 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 5 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ተሰጣቸው፤ በቀጣዩ ሳምንት ተቀደዱ። ውጤቱ በ1997 ታተመ። ከ5 ዓመት በኋላ በቀጥታ ከተቀደዱት በ27 በመቶው ላይ ካንሰሩ እዚያው ዳሌ ውስጥ አገረሸ፤ ጨረር ከቀደመላቸው ግን በ11 በመቶው ላይ ብቻ። በሕይወት የቆዩት ቁጥርም ከ48 ወደ 58 በመቶ ከፍ አለ።

ሁሉም ግን አላመነም። በእንግሊዝ አገር ቤዚንግስቶክ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው ቢል ሂልድ የተባለ ሐኪም፣ ከ1982 ጀምሮ ሌላ ነገር ያስተምር ነበር። አንጀቱን ዙሪያውን የሸፈነ የስብ ሽፋን አለ፤ የካንሰሩ ዘር የሚሸሸገው እዚያ ነው፤ ይህ ሽፋን ሳይቀደድ ከነአንጀቱ በጥንቃቄ ከወጣ በሽታው እምብዛም አያገረሽም ይል ነበር። ታዲያ ቀዶ ጥገናው እንዲህ ከጠራ ጨረሩ ምን ያደርጋል?

ጥያቄውን ኔዘርላንዳውያን አነሱት። ቀዶ ሐኪሞቻቸውን በሂልድ ዘዴ አሠለጠኑ፤ ከዚያም 1,861 ታካሚዎችን በዕጣ መደቡ። በ2001 በወጣው ውጤት፣ በሠለጠነ እጅ ብቻ ከተቀደዱት በ2 ዓመት ውስጥ በ8.2 በመቶው ላይ ሲያገረሽ፣ ጨረር በቀደመላቸው ላይ ያገረሸው በ2.4 በመቶ ብቻ ሆነ። በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን ልዩነት አልታየም። ጨረሩ ዕድሜ ባይጨምር እንኳ፣ ዳሌ ውስጥ ተመልሶ ከሚመጣው ካንሰርና ከሚያስከትለው ከባድ ሥቃይ ብዙዎችን እንደሚታደግ ግን ግልጽ ሆነ።

አሁን የቀረው «በፊት ወይስ በኋላ?» የሚለው ክርክር ነው። ይህን የፈቱት ጀርመኖች ናቸው። የኤርላንገኑ ሮልፍ ዛወርና ባልደረቦቹ 823 ታካሚዎችን መዘገቡ። ለአንዱ ወገን ጨረርና ፍሎሮዩራሲል የተባለውን ኬሞቴራፒ ከቀዶ ጥገና በፊት ሰጡ፤ ለሌላው ከቀዶ ጥገና በኋላ። እንዲያውም በኋላ ለታከሙት የታቀደው ጨረር ትንሽ ይበልጥ ነበር። በ2004 ውጤቱ ሲወጣ፣ ሕክምናው በቀደመላቸው ላይ ያገረሸው 6 በመቶ፣ በዘገየባቸው 13 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ያገኛቸውም በፊት ከታከሙት 27 በመቶ ሲሆኑ፣ በኋላ ከታከሙት 40 በመቶ ነበሩ።

አንድ ዓይነት ሕክምና ተራው ሲለወጥ ለምን ውጤቱ ተለወጠ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጨረር በደንብ የሚሠራው የደም ዝውውሩ ባልተቋረጠ፣ ኦክስጅን በሚደርሰው ሥጋ ላይ ነው፤ ምላጭ ካለፈ በኋላ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። በዚያ ላይ አንጀቱ ከወጣ በኋላ ቀጭኑ አንጀት ወደ ባዶው ቦታ ይወርድና የጨረሩ መንገድ ላይ ይገባል። አስቀድሞ የታከመ ዕጢ ደግሞ ይኮማተራል፤ ሐኪሙም ፊንጢጣውን ሳይነካ የመሥራት ዕድል ያገኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

ዕጢው መኮማተር ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ቢጠፋስ? ይህን የጠየቀችው ብራዚላዊቷ ቀዶ ሐኪም አንጀሊታ ሃብር-ጋማ ናት። ወላጆቿ ከሊባኖስ የተሰደዱ ነበሩ፤ እሷ በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ከሠለጠኑ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ጨረርና ኬሞቴራፒ ጨርሰው ከመጡት ታካሚዎቿ አንዳንዶቹ ላይ በጣት ብትፈትሽ፣ በመሣሪያ ብታይ፣ ዕጢው የለም። ታዲያ ምን ልቆርጥ ነው? አለችና ሳትቀድ በቅርብ መከታተል ጀመረች። የሙያ ባልደረቦቿ አጥብቀው ተቃወሟት። በ2004 ባወጣችው ጽሑፍ ግን ከ265 ታካሚዎች 71ዱ በዚህ መንገድ ሳይቀደዱ መቆየታቸውን አሳየች። ዛሬ ይህ አካሄድ በዓለም ታላላቅ የካንሰር ማዕከላት ተቀባይነት አግኝቷል። ነገር ግን ክትትሉ ጥብቅ ነው፤ ቀጠሮ መዝለል አይገባም፣ ካንሰሩ በተመለሰ ጊዜ ቀዶ ጥገናው ይቀጥላልና።

ጨረርም የራሱ ዕዳ አለው። ሰገራን የመቆጣጠር ችግር፣ የወሲብ ችግር፣ በወጣት ሴቶች ላይ መካንነት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በ2023 ፕሮስፔክት በተባለው ጥናት፣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ1,100 በላይ ታካሚዎችን ካነጻጸሩ በኋላ፣ ዕጢያቸው መካከለኛ ለሆነ ብዙ ሰዎች ከቀዶ ጥገና በፊት ኬሞቴራፒ ብቻ ሰጥቶ ጨረሩን መተው እንደሚቻል አሳዩ።

ከዚያ በፊት በ2022 በኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የታየውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዶስታርሊማብ የተባለ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ ለ6 ወር ከወሰዱት ሕክምናውን የጨረሱት 12ቱም ዕጢያቸው ጠፋ። «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ተብሎም ተወራ። ይሁንና መድኃኒቱ የሠራው ካንሰራቸው የዘረ መል ስሕተትን የማረም አቅም ለሌለው ሰዎች ነው፤ እነሱም ከመቶ ታካሚ ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ዕድለኛው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀውም ናሙናው ሲመረመር ብቻ ነው።

በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ማሽኖቹ ወደ ክልልም መውጣት ጀምረዋል። ወረፋ በበዛበት አገር፣ ከሩቅ መጥቶ ማደሪያ ለሚከራይ ሰው፣ የስዊድኖቹ የ5 ቀን ሕክምናና የጀርመኖቹ የ28 ቀን ሕክምና ልዩነት ትልቅ ነው። የትኛው እንደሚስማማ ግን የሚወስነው ሐኪሙ ዕጢውን በኤምአርአይ አይቶ ነው።

አድማጮቻችን፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልን። አንደኛ፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ «ኪንታሮት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ተመርመሩ። ሁለተኛ፣ ካንሰር መሆኑ ከተነገራችሁ ለቀዶ ጥገናው ከመፈረማችሁ በፊት «ዶክተር፣ አስቀድሞ የሚሰጥ ሕክምና ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምላጩ ካለፈ በኋላ ይህ ጥያቄ ጊዜው ያልፍበታል።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)