ከድርጎ ወደ ሆቴል፦ የእንግዳ አቀባበል ታሪክና የቴፒ ጥያቄ



ስለ ታላላቅ ሆቴሎች ታሪክ ልናገር መሆኑን የሰሙ አንድ ባልደረባዬ «ታላቅ ሆቴል በሌለበት ከተማ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፦ ሆቴል የሕንፃ ታሪክ ብቻ አይደለም። ማን በእንግድነት ያድራል፣ ማን ያስተናግዳል፣ ወጪውንስ ማን ይሸከማል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ቴፒንም በቀጥታ ይመለከታሉ።

በሞቃታማ ደሴቶች ላይ ከታነጹት ዝነኛ ሆቴሎች እንነሣ። በኮሎምቦ የሚገኘው ጎል ፌስ ሆቴል በ1864፣ በሲንጋፖር የሚገኘው ራፍልስ ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ። በመካከሉ፣ በ1869፣ የስዌዝ ቦይ በመከፈቱ የመርከብ ጉዞው አጠረ፤ ተጓዡም በዛ። ሆኖም ሆቴሎቹን ያቆማቸው የባሕሩ ውበት ብቻ አልነበረም። ከበስተኋላቸው ወደብ፣ ቅኝ አገዛዝና ሰፋፊ እርሻ ነበር። በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የዚያ እርሻ ዋና ምርት ቡና ነበር። ቦዩ በተከፈተበት ዓመት ግን የቡናን ቅጠል የሚያጠቃ የዋግ በሽታ በደሴቲቱ ታየ፤ ከጊዜ በኋላም ቡናው ለሻይ ቦታውን ለቀቀ። ሆቴሉ እስከ ዛሬ አለ። በሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይ እንግዳ ግን የጠፋውን ቡናም ሆነ የለቃሚውን ድካም አያይም።

በአገራችን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የመሸበት መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ በደጅ ሲቆም «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባ ነበር። ይህን ልማድ ስናወድስ ግን ሌላውን ገጽ እንዳንረሳ። የንጉሥ እንግዳ ሲያልፍ እንጀራው፣ ጠጁና ሙክቱ በድርጎ ስም ከባላገሩ ይሰበሰብ ነበር። ለአንዱ ክብር የሆነው መስተንግዶ ለሌላው ግዴታ ነበር ማለት ነው።

በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ትርጉሙ የሚገባን ከዚህ አንጻር ነው። የምድር ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደርሶ ዋና ከተማይቱ የገባው በ1917 ነው። የሆቴሉ ባለቤት ቅኝ ገዥ ኩባንያ ሳይሆን የአገሪቱ እቴጌ ነበሩ። መኳንንቱ ለመብል ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ይቆጥሩት እንደነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ከፍለው በመብላት አርአያ እንደሆኑ ሲተረክ ኖሯል። ትረካው በዝርዝሩ ተጋኖ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስታውሰው ለውጥ ግን እውነተኛ ነው። የእንግዳን ወጪ ባላገሩ ሳይሆን እንግዳው ራሱ ይሸከም ጀመር።

ይህ ለውጥ ግን ሁሉም ዘንድ እኩል አልደረሰም። ሆቴሉ ከመመሥረቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1897 እ.ኤ.አ.፣ የካፋ መንግሥት በምኒልክ ሠራዊት ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከዋል። በደቡብ ምዕራብ የገባር ሥርዓት ተዘረጋ፤ ገበሬው ለተመደበበት ወታደርና ሹም ገበረ፣ ፈጨ፣ ዕንጨት ሰበረ፣ አስተናገደ። በጊሚራና በማጂ የባሪያ ፈንጋዮች ዘመቻ መንደሮችን ባዶ አደረገ። በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ደግሞ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ከጋምቤላ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በአንድ ዘመን አዲስ አበባ እንግዳን በገንዘብ ማስተናገድ ስትማር፣ እዚህ መስተንግዶ ገና በግዴታ የሚከፈል ግብር ነበር።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የገባርነትን ቅሪት አስወገደ። ከዚያ በኋላ የቴፒና የበበቃ የቡና እርሻዎች በመንግሥት እጅ ተስፋፉ፤ ኋላም ወደ ግል ተዛወሩ። በእነዚህ እርሻዎች ግቢ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ተሠሩ። በጥላ ዛፍ ተከብበው፣ የጉሬዛ ድምፅ እየተሰማባቸው፣ ከደሴት ሆቴል ባላነሰ ጸጥታ ያሳድራሉ። ስማቸው በታላላቅ ሆቴሎች መዝገብ ባይገባም የታሪክ ጥያቄያቸው ያው ነው፦ ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ለቃሚ፣ የሸካው፣ የሸኮው፣ የመዠንግሩ ገበሬና ከሩቅ መጥቶ የሰፈረው ቤተሰብ በዚህ መስተንግዶ ምን ድርሻ አለው?

ጥያቄው አስቸኳይ የሆነበት ምክንያት አለ። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ቴፒ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ጎብኚ ይመጣል፤ ሆቴልም ይሠራል። ጫካውን እንደ መልክዓ ምድር ብቻ ካሳየነው የሴሎንን ስሕተት እንደግማለን። ጫካው የዓረቢካ ቡና መገኛ ነው፤ ያቆየውም ቀፎ የሚሰቅለው፣ ቅመም የሚለቅመው፣ ዛፉን በልማድ ሕግ የሚጠብቀው ሰው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ የሕንፃውን ክፍሎችና የሙዚቃ ምሽቶች ይቀርቡበት የነበረውን ጃዛምባን አጥፍቷል። ሕንፃ በአንድ ቀን ሊነድ ይችላል። ትዝታ ደግሞ ያለ እሳት፣ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ ይጠፋል።

ስለዚህ ለታሪክ ተማሪዎች የምተወው ሥራ ይህ ነው። የእንግዶችን ስም የጉዞ መጻሕፍት መዝግበውታል፤ የወጥ ቤት ሠራተኛዋን፣ የአልጋ አንጣፊዋን፣ የዘበኛውን ስም ግን የሚመዘግብ የለም። እነርሱ በዚህች ከተማ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ቃላቸውን መዝግቡ። የሚቀጥለው ሆቴል መሠረት ከመጣሉ በፊት ማን ሲያስተናግድ እንደኖረ እንወቅ።