የሌሊት ዘፋኞች፤ ከፓሪስ ሥዕል እስከ አዲስ አበባ ሸክላ

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ውል ብዙ ተምረናል። ሲመሽ በመብራት ሥር ቆሞ ስለሚዘፍን ሰው ግን የታሪክ መጽሐፍ እምብዛም አይናገርም። ዳሩ ግን የአንድ ከተማ ሰው ማታ ማታ ማንን ይሰማ እንደ ነበር፣ ያንኑ ዘፋኝ በቀን ምን ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ቢታወቅ፣ የዘመኑ አኗኗር ከብዙ ዐዋጅ ይልቅ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ፣ ከአንድ ትንሽ ሥዕል ተነሥቼ ስለ አገራችን የሌሊት ዘፋኞች ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ሥዕሉን የሣለው ኤድጋር ደጋ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። (ለእኛ ለማሻ ልጆች የአየር ጠባይ ቢመስለንም የሰው ስም ነው።) ደጋ እ.ኤ.አ. በ1834 በፓሪስ ተወልዶ በ1917 ሞተ። ሥራዎቹን ያሳይ የነበረው ኢምፕሬሲዮኒስት ከሚባሉት ሠዓሊዎች ጋራ ነው፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ ዳር ወጥተው በፀሐይ ብርሃን ሲሥሉ፣ እርሱ የሚወደው የመብራትን ብርሃን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 እና በ1877 የሠራው ይህ ሥዕል «ካፌ ኮንሰርት በሌዛምባሳደር» ይባላል። ዛሬ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በሥዕሉ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ ክንዷን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ ትታያለች። መብራቱ ከእግሯ ሥር ስለሚነሣ ፊቷ ከታች ወደ ላይ በርቷል፤ ይኸውም በቀን ብርሃን በሰው ፊት ላይ የማይታይ ነገር ነው። ከበስተኋላዋ ሌሎች ሴቶች አሉ። ከፊት ለፊት ግን ጨለም ያለ ነው፤ የሙዚቀኞቹ ጀርባ፣ የአንድ ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ አንገት፣ ከዚያም የተመልካቾቹ ሴቶች ባርኔጣ ይታያል። ሠዓሊው እኛንም ከተመልካቾቹ ኋላ ያስቀመጠን ይመስላል፤ አንገታችንን ቀና አድርገን በሰው ራስ መካከል እንድናይ ያስገድደናል።

አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም ሥሎ ወረቀት ይጫንበታል፤ ወረቀቱም ምስሉን ይዞ ይነሣል። ይህ ዓይነት ኅትመት ደኅና ሆኖ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በላዩ ፓስቴል በሚባለው ደረቅ ቀለም ይሠራበታል። ፓስቴል ማለት የቀለም ዱቄት በሙጫ ተለውሶ እንደ ጠመኔ የተቀረጸ ነው። እንደ ዘይት ቀለም እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ስለዚህ በቶሎ ለሚያልፍ ነገር የተመቸ ነው፤ የዘፈን ሌሊትም በቶሎ ያልፋል።

ካፌ ኮንሰርት ሰው መጠጥ ገዝቶ ዘፈን የሚሰማበት ቤት ነው። ሌዛምባሳደር ሻንዜሊዜ በተባለው ጎዳና ዳር በዛፎች መካከል ነበር፤ በበጋ ወራት ሰው ከቤት ውጭ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ወደ ኦፔራ ለመግባት ገንዘብ የማይበቃው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊም፣ ከኦፔራ የወጣ ባለጠጋም እዚያ ይገናኛሉ። መንግሥት ግን አላመነውም፤ የዘፈኖቹ ግጥም እስከ 1906 እ.ኤ.አ. ድረስ አስቀድሞ እየተመረመረ ይፈቀድ ነበር። ዘፋኟም በሌሊት ይጨበጨብላታል እንጂ በቀን እንደ ኦፔራ ዘፋኝ አትከበርም። የሥዕሉን ርዕስ እንደገና እንመልከት፤ የቡና ቤቱ ስም አለ፤ የዘፋኟ ስም የለም።

ይህን ሳስብ የአገራችን አዝማሪ ትዝ አለኝ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል የመጣው «ዘመረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ «ዘማሪ»ም ከዚያው ይወጣል። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ተከብሮ ሲቆም፣ ሌላው ባለ አንድ አውታሩን ማሲንቆ ይዞ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞር ኖረ፤ የሙያውም ስም እስከ ስድብነት ደረሰ። ልጁ አዝማሪ እንዳይሆንበት የሚጸልይ አባት፣ በልጁ ሰርግ ግን አዝማሪ ካልመጣ ሰርግ አይደለም ይላል! አዝማሪው በበኩሉ የሚከላከልበት ሰምና ወርቅ አለው። ጌታውን ያወደሰ መስሎ ይወቅሰዋል፤ የገባው ይስቃል፤ ያልገባው ይሸልማል። የፓሪሱ መርማሪ እዚህ ቢሾም ኖሮ ሥራው በጣም በከበደው ነበር።

ሆኖም ኃይለኞች ዘፈን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለና በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያ ጭፍጨፋ ከደረሰ በኋላ፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ባሕታውያን፣ ከእነርሱም ጋራ እየዞሩ የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን ያለው ሠራዊት ማሲንቆ ፈራ። ትእዛዙ የሰው ስም አልጠራም፤ የሙያ ስም ብቻ ነበር የጠራው። ስለዚህ ከሞቱት የብዙዎቹ ስም አልደረሰንም።

ከጠጅ ቤቱ ወደ ቴያትር መድረክ የተደረገውን ጉዞ በአጭሩ ልለፈው። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲነፉ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚህ ሁሉ መካከል ዘፋኙ የደንብ ልብስ ለበሰ፤ ደመወዝም አገኘ። አዝማሪ መባል ግን ወዲያው አልቀረለትም። በተለይ ለሴት ከባድ ነበር፤ ክራር እየመታች የምትዘፍነው አስናቀች ወርቁ፣ በመድረክ ላይ ከታዩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተዋንያን አንዷ ናት። ቀድሞ የሴቷን ሚና ወንድ ነበር የሚጫወተው።

ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ቡድን ትምህርት ቤቱ መጥቶ ሲጫወት አየ፤ ከዚያም ትምህርቱን ትቶ ወደ አዲስ አበባ ኮበለለ። (መምህራኖቻችን በዚህ ረገድ አርአያችን አድርጉት እንደማይሉን የታወቀ ነው።) ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሳይሳካ ሲቀር፣ ዘፋኙም ከታሰሩት መካከል ነበረ። ከእስር ወጥቶ እንደገና ዘፈነ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲሞት ግን መንግሥት በብሔራዊ ሥነ ሥርዓት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቀበረው፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀሰለት። «አዝማሪ» ተብሎ ሊሰደብ ይችል የነበረ ሰው እንዲህ ሲሸኝ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የአገር ልብ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያሳያል።

የእኛ ሌሊት ደጋን የመሰለ ሠዓሊ ቢያጣም ሸክላ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ትእዛዝ ሸክላ ማስቀረጽና ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሸክላ ነጋዴ ይህን ትእዛዝ ጥሶ ዘፈን ማስቀረጽ ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። (የአባታቸው ስም አንድ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም።) ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። አምሃ ሊታሰር ይችል ነበር፤ ሳይነኩት ቀሩ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። በእያንዳንዱ ሸክላ መካከል ክብ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ የዘፋኙ ስም አለ። በውቤ በረሃና በሌላውም ሰፈር ሲነጋ ይጠፋ የነበረው ድምፅ ባለቤቱ ታወቀ።

ጊዜው ግን አጭር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱ ተዘጋ። ሕዝብ መላ አያጣምና፣ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ለመዝናናት የመጣው ሰው ከእላፊው በፊት ገብቶ በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ያድር ነበር፤ ዋሊያስ ባንድ በሂልተን፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ይጫወቱ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሌሊት የተከለከለበት ሕዝብ ሌሊቱን ከቤት ውስጥ ቆልፎ ማስቀረቱ የዚህ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝንም የሚያስቅም ክፍል ነው። አምሃም አገሩን ትቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የነዚያን ሸክላዎች ዘፈን ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ማውጣት የጀመረው ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ የፓሪስን ሌሊት የያዘው ፈረንሳዊ፣ የአዲስ አበባንም ሌሊት ከአቧራ ያነሣው ፈረንሳዊ ሆነ። ይህ ሊያስመሰግነን ነው ወይስ ሊያሳፍረን? ሁለቱም ይመስለኛል፤ ሸክላውን የደፈረው ግን የራሳችን ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም።

በማሻና በአንድራቻ በሰርግ ሌሊት፣ ጠጁ ቀርቦ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ፣ ድምፁ ከሁሉ የሚለይ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁላችንም ተቀብለነዋል፤ አጨብጭበንለታል። ስሙን፣ የዘፈነውንም ቃል በደብተሩ የጻፈ ተማሪ ከእኛ ክፍል ውስጥ ስንት ይሆን?

አምሃ እሸቴ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ዐረፈ። ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት በነሐሴ ተከተለው። በመጀመሪያው ሸክላ ክብ ወረቀት ላይ የሁለቱም ስም አለ፤ ያንዱ ዘፋኝ ሆኖ፣ ያንዱ አሳታሚ ሆኖ።