ሸኽ በክሪ ሰጰሎ፤ ዲንን በወገናቸው ቋንቋ ያስተማሩ ዓሊም

አንድ ደረሳ ኪታቡን ጨርሶ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ የተማረውን እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ማስረዳት ካቃተው ዕውቀቱ ለቀዬው ሰው ምን ይፈይዳል? ለዚህ ጥያቄ በዕድሜ ዘመናቸው ሙሉ መልስ የሰጡ አንድ የሐረርጌ ዓሊም ነበሩ።

ስማቸው አቡበክር ገራድ ዑስማን ነው። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ከሐረር ከተማ ሰሜን ምዕራብ፣ በሰጰሎ ወንዝ አካባቢ ተወለዱ፤ ሸኽ በክሪ ሰጰሎ የተባሉትም በዚሁ ስፍራ ነው። በጨርጨር ዑለሞች ዘንድ ለዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። ከዲን ትምህርት ጋር ታሪክን፣ ጂኦግራፊን፣ ሒሳብንና የከዋክብትን ዕውቀት ያስተምሩ ነበር። ኪታቦቻቸውን በዐረብኛ ቢጽፉም፣ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ ያወቃቸውና የወደዳቸው በኦሮምኛ ግጥሞቻቸው ነበር።

ግጥሙ በምን ፊደል ይጻፍ? ዐረብኛ ለ«ጰ»ም ሆነ ለ«ኦ» ድምፅ የተለየ ፊደል የለውም፤ የትውልድ ስፍራቸው ስም እንኳ በትክክል አይጻፍበትም። በግዕዝ ፊደል ደግሞ «በዳ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሲላላ «መጥፎ»፣ ሲጠብቅ «ደጋ» የሚሉት ሁለት የኦሮምኛ ቃላት አይለዩም። ስለዚህ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ለኦሮምኛ ራሱን የቻለ ፊደል ፈጠሩ።

ፊደሉ በአካባቢው መስፋፋት ሲጀምር የዘመኑ ባለሥልጣናት ሰጉ። ፊደሉ ታገደ፤ እርሳቸውም በድሬዳዋ በቁም እስር ቆዩ። ሆኖም ብዕራቸውን አልጣሉም፤ የኦሮሞን ሕዝብ ታሪክ በዐረብኛ ጽፈዋል። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሶማሊያ ተሰደው፣ በ1980 እዚያው በስደት አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ስለተወሰነ ፊደላቸው ሥራ ላይ አልዋለም።

ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ነበርን? በፍጹም! አንዳንድ ሰው የብሔርን ቋንቋና ታሪክ ማጥናት ከዲን የሚያርቅ ዘረኝነት ይመስለዋል። የተወገዘው ግን ወገንን ማወቅ ሳይሆን በወገን መኩራራትና ሌላውን መናቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት የሰው ልጆችን በጎሣና በነገድ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን አስተምሮናል፤ በሱረቱ ኢብራሂምም መልዕክተኞቹን ሁሉ በሕዝቦቻቸው ቋንቋ እንደላካቸው ነግሮናል። ሸኹ ቁርኣንን ለማስረዳት ዐረብኛን አልተዉም፤ ለዐረብኛም ሲሉ የእናታቸውን ቋንቋ አልናቁም።

እናንት ወላጆች! ልጃችሁ ዛሬ ማታ ሱረቱል ፋቲሓን ሲቀራላችሁ ትርጉሙን በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቁት። ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ፣ ስልጥኛም ይሁን አፋርኛ፣ መመለስ ካቃተው የሸኹ ሥራ ገና አላለቀምና ከእናንተው ቤት ይቀጥል። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ አሚን።