ትዝታን መደርደር

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ለሙዚቃ ፖድካስቱ «የአንድ ሰዓት ትዝታ ደርድርልኝ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ቀን ቀን ኮድ ነው የምጽፈው፤ መለየትና መደርደር እንጀራዬ ነው። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያሰረኝ ስሙ ነው። ትዝታ ቅኝት ነው፣ የዘፈን ስምም ነው፣ ስሜትም ነው። በትዝታ ቅኝት የተዘፈነ ሁሉ ናፍቆት አይደለም፤ ናፍቆት ደግሞ በባቲም በአምባሰልም ይዘፈናል። ለሦስት ነገር አንድ ስም፣ ፕሮግራመርን ለማሳበድ በቂ ነው። ስሙ «ትዝታ» የሆነውን ብቻ ልሰብስብ ብዬ ተገላገልኩ።

ስጨርስ ግን ዝርዝሬ አዲስ እንዳልሆነ ገባኝ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው 10ኛው ቅጽ ከነርዕሱ ትዝታ ነው። ሁለታችንም የዘገንነው ከአንድ ጎተራ ነበር፦ ከ1969 እስከ 1975 አዲስ አበባ ላይ ከወጡት ሸክላዎች።

ጎተራው ደግሞ ለጥቂት ሳይሞላ ሊቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆነ። ሙዚቀኛው ሞልቶ ሸክላ አልነበረም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት አዋጁን ከቁብ ሳይቆጥር የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ አወጣ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ ዘጋ፣ አምሃም በ1975 አሜሪካ ቀረ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ይህን ነው። ስድስት ዓመት ብቻ!

እኔ ያደግሁት ወገዳ ነው፤ ስማዳ። ከበሽሎ ማዶ ወሎ ነው። ሸክላ ስለመኖሩ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። እኛ ቤት የነበረው አጎቴ ደብረ ታቦር ወርዶ ያስቀዳው ካሴት ነው። የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ለሙዚቃ ቤቱ ሰጠ፣ በባዶ ካሴት ተቀዳለት፣ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ «ምርጥ ምርጥ» ተባለ። እኔና ጓደኛዬ ፕሌይሊስት የምንለው እኮ ይኸው ነው። የአንደኛው ፊት የመጨረሻ ዘፈን ክሩ አልቆ መሀል ላይ ይቆረጣል። ዛሬም ያን ዘፈን በስልክ ስሰማ እዚያች ቦታ ላይ ጆሮዬ ቆም ይላል።

የወገዳ ትዝታ ግን ካሴቱም ውስጥ አልነበረም። ሰርግ ላይ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል፣ አንዱ «ተቀበል» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጠዋል፣ ሌላዋ ትከተላለች። ግጥም የሚሰጥ እስካለ ዘፈኑ አያልቅም፤ የሸክላ አንዱ ፊት ደግሞ አምስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አይዝም። ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በሸክላ በመቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ተሰማ እሸቴ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሲያገባ በስልኬ የቀዳሁት 14 ደቂቃ ትዝታ አለኝ። እልልታ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ ውሻ፣ ሁሉም አለበት። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ከተትኩት። ጓደኛዬ ሰማውና «ጥራት የለውም፣ ደግሞም ረዘመ» አለኝ። ተጨቃጨቅን። «እሺ፣ አራት ደቂቃ» ላይ ተስማማን።

የዘፋኙን ስም የሚሞላበት ሳጥን ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወገዳ ደወልኩ።

«አያ፣ ያ የሰርጉ አዝማሪ ስሙ ማን ነበር?»

«እ... የሰርጉ አዝማሪ ነዋ!» አለኝ አጎቴ። «ቆይ ጠይቄ እደውልልሃለሁ።»

እስኪደውል ድምፁን ከፍቼ መቁረጥ ጀመርኩ። አራተኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ሴትዮ «ተቀበል» ትላለች። የምትሰጠው ግጥም ከመቁረጫው በኋላ ነው።