«አለት ቧጠጣ» እንበለው

«ቅዳሜ ሞአብ ላይ የድንጋይ መዳህ አለ፤ ትመጣለህ?» ይላል ዴንቨር ያለ ጓደኛዬ የላከልኝ መልእክት። ጮክ ብዬ ሳነበው እናቴ ሰማችና፣ «የሚድኸው ማን ነው? ሕፃን ይዛችሁ ልትሄዱ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ልክ ነበረች። ይህ «የድንጋይ መዳህ» ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ብንነቅለው ይሻላል።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ አይታችሁታል፤ ትልልቅ ጎማ ያላቸው ፎር ዊል መኪኖች በአለት ላይ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ ጉዞ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እንግሊዝኛው «ሮክ ክራውሊንግ» ይለዋል። በካሊፎርኒያው የሩቢኮን መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1953፣ በዩታዋ ሞአብ ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ባለጂፖች በየዓመቱ ይሰባሰባሉ።

ከ«ድንጋይ» እንጀምር። ድንጋይ ይነሣል፣ ይወረወራል፣ ይካባል። ሞአብ ላይ መኪናው የሚወጣበት ግን ጥንት የበረሃ አሸዋ የነበረ፣ ጠጥሮ እንደ ኮረብታ የተዘረጋ ነገር ነው። ለዚህ «አለት» የሚል ቃል አለን።

«መዳህ» ደግሞ ገና መቆም ያልቻለ ልጅ በደልዳላ ወለል ላይ የሚያደርገው ነው። አንዳንዶች «መሳብ» ይላሉ፤ እባብ በደረቱ ይሳባልና። ዳሩ ግን ተሳበ የተባለ መኪና በገመድ የተጎተተ ይመስላል። «መንፏቀቅ» ያለም አለ፤ እሱስ የመኪናው ሆድ አለት ላይ ተቀምጦ ሲፋቅ ለሚሆነው ይስማማል። ጉዞው ሲበላሽ የምንጠራበትን ቃል ለጉዞው ስም ማድረግ አይገባም።

እኔን ያሳመነኝ ሄልስ ሪቬንጅ በሚባለው የሞአብ መንገድ ላይ ያየሁት ነው። መውጣት ከመጀመራችን በፊት ጎማዎቹን አስተነፈስን፤ ነፋሱ ሲቀንስ ጎማው እንደ ባዶ እግር ተዘርግቶ አለቱን ያቅፋል። ሾፌሩ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባ። አንዱ ወርዶ ከፊት ቆመና በእጁ እያሳየ፣ «ና፣ ና፣ ና… ወደ ግራ… ያዝ!» ይለው ጀመር። እንግሊዝኛው ይህን ሰው «ስፖተር» ይለዋል፤ በእኛ ከጭነት መኪና ዘመን ጀምሮ ስሙ ረዳት ነው። የቀኝ የፊት ጎማ የአለቱን ጫፍ ነካ፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና ፈልጎ ያዘ። የኋላው ተከተለ። ይሄኔ ያ «መዳህ» ብሎ የጻፈልኝ ጓደኛዬ ሳያስበው፣ «ቧጠጠው!» ብሎ ጮኸ።

ቃሉ ይኸው ነው። ፍየሉ ገደል ላይ የቀረችበት እረኛ ቧጥጦ ይወጣል፤ በጣቱ ጫፍ ይይዛል፣ በእግሩ መርገጫ ይፈልጋል፣ አንዱ ሳይጸና ሌላውን አይለቅም። ቀስታው፣ ቁልቁለቱን መፍራቱ፣ የመያዣ ፍለጋው ሁሉ ቧጠጠ ውስጥ አለ። ዳሰሰ ዳሰሳን፣ አሰሰ አሰሳን እንደ ወለደ፣ ቧጠጠ ቧጠጣን ይውለድ። ቆረጠ ቆራጭ እንዳለው፣ መኪናውም ሾፌሩም አለት ቧጣጭ ይባሉ።

«ቧጠጠ የካዝና ሌባንም ያስታውሳል» የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ግን «አለት» ከፊቱ ሲቆም የሚሳሳት የለም። አለት ምን ይሰረቃል?

የውጭ ቃል ጠላት አይደለሁም። ጎማና ካምቢዮ ከጣሊያንኛ መጥተው ዛሬ የእኛ ናቸው፤ ዕቃው ከነስሙ ሲመጣ ተቀብለናል። መውጣት፣ መያዝ፣ መንሸራተት ግን ከውጭ የመጡልን ዕቃዎች አይደሉም። በተራራ ላይ የኖረ ሕዝብ አወጣጡን ሁሉ ለይቶ ሰይሟል፦ መውጣት፣ መንጠላጠል፣ መፈናጠጥ፣ መቧጠጥ። ይህን ሁሉ ይዘን ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ ቀድተን መሄዳችን ቋንቋውን ያለ ጥፋቱ ድኻ ያስመስለዋል።

ለጓደኛዬ የመለስኩለት አንድ መስመር ነው፦ «ለሚቀጥለው አለት ቧጠጣ ቦታ ያዝልኝ።» እናቴ ይህን ስታነብ ሕፃን አልጠየቀችም፤ «ገደል ነው እንዴ? ተጠንቀቁ» አለች።